ስለ ጓሮ አታክልትና ስለ አበባ፤ በጥቂት ወጪ ስለ ማልማቱ

መግቢያ

የመስከረም ወር በጠባ ጊዜ በብዙ አገር «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ይነገራል። ትርጓሜው የታወቀ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ጐድሎ ሳለ ቤተ ሰቡን ያቆየው ጎመን ነው፤ አዲሱ እህል ሊደርስ ሲል ግን ጎመኑ የችግር ዘመን ምልክት ሆኖ ይሰናበታል። ቃሉ የደስታ ቃል ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ጎመኑ ከምንቸቱ ብቻ ሳይሆን ከጓሮውም ጭምር የወጣ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ በሚመጣው ክረምት የሚመረኰዝበትን በትር በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው። «ጎመን በጤና» የሚል ሌላ ቃል ደግሞ አለና፥ አስተዋይ ሰው ሁለቱን አመዛዝኖ ይኸኛውን ይይዛል።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በአዊ ምድር፥ ይልቁንም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች ነው። የሚያስረዳውም፥ በቤት አጠገብ ልዩ ልዩ አታክልትና አበባ ማልማት ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ መሆኑን፥ በአንድ ተክል ብቻ ተማምኖ ከመኖር ጉዳትም ቤተ ሰብን የሚጠብቅ መሆኑን ነው።

1ኛ፤ ስለ አገሩ ጠባይ

አታክልት የሚተክል ሰው አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ ዳንግላ ግን ከ2,100 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ በወይና ደጋ ትገኛለች። ስለዚህ የሁለቱ ጓሮ አንድ ዓይነት አይደለም። ለእንጅባራ ድንች፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ጎመን፥ ጥቅል ጎመን፥ ካሮትና ቀይ ሥር ይስማሟታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚያሰጋ ግን ቲማቲምና ቃሪያ ይጐዱባታል። በዳንግላ ሙቀቱ ጥቂት ስለሚበልጥ ቲማቲም፥ ቃሪያና ዱባ ከቀሩት ጋራ ደኅና ሆነው ያፈራሉ።

ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በሐምሌና በነሐሴም ይበረታል። ይህ ብዙ ዝናብ በረከት ሲሆን ጉዳትም አለው። ከብዙ ዘመን ጀምሮ አፈሩን እያጠበ በውስጡ የነበረውን የኖራ ዓይነት ማዕድን ወስዶታልና፥ የአገሩ ቀይ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ሆኗል። በኮምጣጣ አፈር ላይ የቆመ ተክል ማዳበሪያ ቢሰጡት እንኳ ሥሩ በሚገባ አይመገበውም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ይገረጣል፥ ቁመቱም ያጥራል። የዚህ መድኃኒት ከዚህ በታች በ4ኛው ክፍል ተጽፏል።

2ኛ፤ ጓሮውን ማልማት ስለሚያስፈልግበት ምክንያት

በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ብዙ ገበሬ እርሻውን ዲከረንስ በሚባል፥ ትውልዱ ከአውስትራልያ በሆነ የግራር ዓይነት ሸፍኖታል። ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ ለገበሬውም ገንዘብ አስገኝቶለታል፥ የደከመውን መሬትም ረድቷል። ነገር ግን ከሰል አይበላም። እህሉንና አታክልቱን ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ቤት፥ ዋጋ በጨመረ ጊዜ ይቸገራል። በቅርብ ዓመታትም በዚሁ ዛፍ ላይ ዝገት የመሰለ የሻጋታ በሽታ ወርዶ ብዙ ተክል አድርቋል። ያን ጊዜ በጓሮው ድንችና ጎመን የነበረው ሰው እና ሌላ ምንም ያልነበረው ሰው ችግራቸው እኩል ሊሆን እንደማይችል ማንም ይረዳዋል።

በሌላው ዓለም የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በአየርላንድ አገር ድኻው ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ድንች ብቻ እየበላ ይኖር ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ቅጠሉን የሚያጠቁርና ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ በድንቹ ላይ ወረደ፤ በተከታዮቹም ዓመታት ወደ 1,000,000 የሚሆን ሰው በረኃብና በበሽታ አለቀ። ድንቹ ክፉ ተክል ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላ ተክል በአጠገቡ ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የልጆች ጤና ነው። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትገባ ዓይኑ የሚፈዝበት፥ በጨለማም የሚደናቀፍ ልጅ ዳፍንት ይዞታል ይባላል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቪታሚን ኤ የሚባለው ነገር በምግቡ ውስጥ ሲጐድል ነው። እርሱም በጎመንና በቆስጣ ቅጠል፥ በካሮትና ውስጡ ብጫ በሆነ ዱባ ይገኛል፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲገባበት ሰውነት አብልጦ ይቀበለዋል። አስተማሪው በክፍሉ እንዲህ ያለ ልጅ ያየ እንደ ሆነ ሳይዘገይ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይንገራቸው፤ ጓሮው በሽታውን ለመከላከል ነው እንጂ በሐኪም ፈንታ የሚቆም አይደለም።

3ኛ፤ ስለ አጥር

አጥር የሌለው ጓሮ የከብትና የዶሮ ነው። በአዊ ደጋ ቀርከሃ በብዛት ስለሚገኝ አጥር ለማጠር ሽቦ መግዛት አያስፈልግም። ነገር ግን የሚቈረጠው ቀርከሃ ዕድሜው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን፤ ለጋው ቶሎ በነቀዝ ይበላል፥ መቈረጡም የቀርከሃውን ዘር ያደክማል። ቈረጣው በበጋ ይሁን። በመሬት ውስጥ የሚገባው ጫፍ በእሳት ለብለብ ቢደረግ መበስበሱ ይዘገያል። ከቀርከሃው ሥር ቀጋ ቢተከል ደግሞ ቀርከሃው አርጅቶ ሳይወድቅ ሕያው አጥር ይሆናል፤ እሾሁ ከብት ይከለክላል፥ አበባው ያምራል፥ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል።

በዚህ ነገር የሽማግሌዎች እርዳታ ያስፈልጋል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ያለ እረኛ ይለቀቃልና፥ የበጋ አታክልት የተከለ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ይጣላል። ብዙ ሰው በበጋ የማይተክለው ውኃ አጥቶ ሳይሆን ይህን ጠብ ፈርቶ ነው። ሽማግሌዎች በመንደራቸው ተሰብስበው የከብት ማሰማሪያውን ቢለዩ፥ ስለ ጥፋቱም የሚከፈለውን ካሣ አስቀድመው ቢወስኑ፥ ከማንኛውም ማዳበሪያ የሚበልጥ ጥቅም ለጓሮው ሰጡ ማለት ነው።

4ኛ፤ ስለ አፈርና ስለ መደብ

ለኮምጣጣ አፈር ዋነኛው መድኃኒት የግብርና ኖራ ነው። ኖራ ባልተገኘበት ግን በየቤቱ ምድጃ የሚገኘው የእንጨት አመድ ለትንሽ ጓሮ ይበቃል። አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ኩባያ ያህል በዓመት አንድ ጊዜ ተበትኖ ከመትከያው ቀን 2 ሳምንት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋራ ይቀላቀል። በእጅጉ መብዛቱ ይጐዳል። በድንች መደብ ላይ አመድ አይበተን፤ የድንቹን ልጣጭ እከክ የሚያስይዘው በሽታ በኮምጣጣ አፈር አይበረታም፥ አመድ በበዛበት ግን ይበረታል።

ከአመድ ቀጥሎ ብስባሽ ይዘጋጅ። ጥላ ባለበት ስፍራ በመጀመሪያ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ ተሰባብሮ ይነጠፍ፤ በላዩ ለምለም ቅጠልና አረም፥ በዚያም ላይ ፍግ፥ ከዚያም ስስ አፈር ይጨመር፤ እንዲህ እየተደረበ እስከ ሰው ወገብ ይድረስ። ዘር ያፈራ አረም ግን አይግባበት። ክምሩ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ በየወሩም ይገላበጥ። በ3 ወይም በ4 ወር ጥቁር አፈር መስሎ፥ ክፉ ሽታው ጠፍቶ ሲገኝ ደርሷል። እርጥብ ፍግ በቅጠላ ቅጠል መደብ ላይ በቀጥታ መጣል ግን አይገባም፤ ሥሩን ያቃጥላል፥ ሰላጣ ለሚበላውም ሰው የሆድ በሽታ ያመጣል።

መደቡ ወርዱ 2 ክንድ፥ ርዝመቱ 10 ክንድ ቢሆን መልካም ነው። ወርዱ ይህን ያህል የሆነበት ምክንያት ሰው መደቡን ሳይረግጥ ከግራም ከቀኝም በእጁ እንዲደርስበት ነው፤ የተረገጠ አፈር ውኃና አየር አያሳልፍምና። በክረምት መደቡ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፥ በመካከሉም ቦይ ይቀደድ፤ ያለዚያ ውኃው ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። በበጋ ግን መደቡ ዝቅ ብሎ ዳር ዳሩ ይከተር፤ የሚጠጣው ውኃ እንዳይፈስበት ነው።

5ኛ፤ ስለ ውኃ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ከላይ የተነገረው ዓይነት 2 መደብ ወደ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፥ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 2 ወይም 3 ጊዜ ቢመላለስ ይበቃዋል። እህልና ድንች የታጠበበት ውኃ አይደፋ፤ ሳሙና ያልበዛበት የእጅ መታጠቢያ ውኃም በተክሉ ሥር ይፍሰስ። መደቡ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ ቢለብስ ፀሐይ እርጥበቱን ፈጥና አትወስደውም። ውኃ የሚጠጣበትም ሰዓት ማለዳ ይሁን፤ በቀትር የፈሰሰው ብዙው ይተናል፥ በማታ የፈሰሰውም በቅጠሉ ላይ ካደረ በሽታ ይጠራል።

በዳንግላ ወረዳ በብዙ ስፍራ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለ ሆነ ሰዎች በእጅ ጉድጓድ እየቈፈሩ በበጋ አታክልት ያጠጣሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤት የራቀ፥ አፉ ከፍ ብሎ የተከበበና ክዳን ያለው ይሁን፤ ክፍት ጉድጓድ ለሕፃናትም ለከብትም ወጥመድ ነው።

6ኛ፤ ስለ ዘር

በጥቂት ወጪ ለማልማት ትልቁ ጥበብ ከቤት የሚገኘውን ዘርና መግዛት የሚያስፈልገውን ዘር ለይቶ ማወቅ ነው። የሐበሻ ጎመን፥ ዱባ፥ ቅል፥ ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ሰላጣ፥ ድምብላልና ባቄላ በጓሮው ዘር ይሰጣሉ። ነጭ ሽንኩርት ከራሱ ፍንካች፥ ድንችም ከራሱ ሥር ይተከላል። ጥቅል ጎመን፥ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ለማበብ ረጅም ብርድ ስለሚሹ በየጓሮው ዘር ማግኘት ያስቸግራል፤ የእነዚህ ዘር ይገዛ። በመግዛትም ጊዜ ዘሩ የታሸገበት ቀን ይታይ፤ ያረጀ ዘር ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። ዲቃላ የተባለ ዘር የተገዛ እንደ ሆነ ደግሞ ከፍሬው ዘር አይያዝ፤ የሚበቅለው እናቱን አይመስልምና።

ለዘር የሚተወው ተክል ከሁሉ የከፋው ሳይሆን ከሁሉ የተሻለው ይሁን። ብዙ ሰው ጥሩውን ጎመን ቀንጥሶ ይበላና የተረፈውን ቀጫጫ ለዘር ይተወዋል፤ በየዓመቱም ጎመኑ ለምን እንዳነሰ ይደነቃል። 3 ወይም 4 መልካም ተክሎች በክር ታስረው ለዘር ይለዩ። ዘሩ በጥላ ደርቆ፥ ከንጹሕ አመድ ጋራ በቅል ወይም በጠርሙስ ተከድኖ፥ ጢስ በማያገኘው ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። የዘር ጠባቂዋ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናትና፥ ስለ ዘር የሚጠይቅ አስተማሪ አስቀድሞ እናቶችን ይጠይቅ።

የመትከያው ርቀት እንዲህ ነው። ጥቅል ጎመን በተክልና በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፤ የሐበሻ ጎመን 30፤ ነጭ ሽንኩርት 10፤ ካሮት በቅሎ ከተነቀለለት በኋላ 5፤ ድንች 30 ሆኖ በመስመሩና በመስመሩ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተው። ተጠጋግቶ የተተከለ ብዙ ይመስላል እንጂ ብዙ አይደለም።

7ኛ፤ ስለ ድንች በተለይ

ድንች በኢትዮጵያ የቈየ ተክል ቢመስልም እንግዳ ነው። ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. እንዳስገባው ይነገራል። አሁን ግን የአዊ ደጋ ዋነኛ ምግብና ሸቀጥ ሆኗል። ከተሻሻሉት ዓይነቶች ጉዳኔና በለጠ የሚባሉት፥ ከሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት፥ በብዙ ገበሬ ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ለዘር የሚሆነው ድንች የዶሮ እንቁላል የሚያህልና በሽታ የሌለበት ይሁን። እርሱም በጨለማ አይከማች፤ ከቀርከሃ በተሠራ ቆጥ ላይ፥ ፀሐይ በቀጥታ ሳትነካው፥ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ በስሱ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ቡቃያው አጭር፥ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል፤ በጨለማ የተቀመጠው ግን ረጅምና ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ በመትከያው ጊዜ ይሰበራል። የሚበላው ድንች በተቃራኒው በጨለማ ይቀመጥ፤ ብርሃን አግኝቶ የለመለመ ድንች መርዝ አለበትና አይበላም።

አየርላንድን የጐዳው በሽታ በአዊም ክረምት ይታያል። በቅጠሉ ላይ ጥቁርና እርጥብ ነጥብ የታየ እንደ ሆነ የታመመው ቅጠል ተቈርጦ ከጓሮው ውጭ ይቀበር። ድንች በተነሣበት መደብ ላይ ድንች፥ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ደግሞ አይተከል፤ ሦስቱ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ በሽታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በተከታዩ ወቅት ባቄላ፥ ከዚያ ጎመን፥ ከዚያ ሽንኩርት ተተክሎ፥ ድንቹ ከእነዚህ በኋላ ይመለስ።

8ኛ፤ ስለ አበባ

«አበባ አይበላም፤ ስለዚህ መሬት ይፈጃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ነገሩን ካለመመርመር የመጣ ነው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ያወጣል፤ በሴቴዋ አበባ ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አለች። የወንዴውን ዱቄት ንብ ወደ ሴቴዋ ካላደረሰችው ያች እብጠት ጠውልጋ ትወድቃለች። ስለዚህ በጓሮው ዙሪያ አበባ የተከለ ሰው ንብን ጠራ፤ ንብን የጠራም ዱባውን አበዛ፥ ቀፎ ያለው ቢሆን ማሩን ደግሞ ጨመረ። ዝናብ በርትቶ ንብ ባልወጣችበት ቀን፥ ልጆች በማለዳ የወንዴውን አበባ ቀጥፈው በሴቴዋ ልብ ላይ ቢነኩት ያው ሥራ ይሠራል፤ ይህንንም በዓይናቸው ካዩ ከብዙ ቀን ንግግር ይበልጥ ይማሩበታል።

ገንዘብ የማይጠይቁት አበቦች ብዙ ናቸው። አደይ አበባ በመስከረም ከሜዳው ራሱ ይበቅላል፤ ዘሩን ሰብስቦ በጓሮው ዳር መበተን ይቻላል። ጽጌ ረዳ ከጎረቤት በሚለመን ቅርንጫፍ ይራባል፤ አንድ ስንዝር የሚሆን፥ 3 ወይም 4 ዓይን ያለው ግንድ በሰኔ ተቈርጦ ሁለቱ እጅ በአፈር ውስጥ ቢተከል ሥር ያወጣል። የሱፍ አበባ ለንብም ለዘይትም ይሆናል። ጤና አዳም፥ በሶብላ፥ ኮሰረትና አሪቲ በደጃፍ ቢተከሉ መዓዛቸው ለቤቱ፥ አበባቸው ለንቡ፥ ቅጠላቸውም ለቡናውና ለቅቤው ይሆናል።

ተባይን ለመከላከልም ገንዘብ አስቀድሞ አይውጣ። ክሽክሽ የሚባለው ታናሽ ተባይ በጎመን ቅጠል ጀርባ ሲታይ ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ይታጠብ። ሌሊት ችግኝ የሚቈርጠው ትል በማለዳ በችግኙ ሥር አፈሩ ጫር ጫር ቢደረግ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ለቅሞ ለዶሮ መስጠት ነው። ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት ችግኙ በሣር ጐጆ ይከደን፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገለጥ።

9ኛ፤ ለአስተማሪዎች

የትምህርት ቤቱ ጓሮ በ2 መደብ ቢጀመር ይበቃል። በብዙ ተጀምሮ በአረም ከተዋጠ ጓሮ በጥቂት ተጀምሮ የተጠበቀ ይሻላል። የክፍሉ ልጆች በ4 ይከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ለአጥሩ፥ አንዱ ለብስባሹ፥ አንዱ ለውኃው፥ አንዱ ለዘሩ ኃላፊ ይሁን፤ በየወሩም ሥራቸውን ይለዋወጡ። አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ በግራ ገጽ የወጣው ወጪ፥ በቀኝ ገጽ የተገኘው ምርት በሚዛን እየተመዘነ ይጻፍ፤ ልጆቹ ሒሳብን ከዚያ ይማራሉ። የእያንዳንዱም ተክል ስም በአማርኛና በአገውኛ ይጻፍ፤ የአገውኛውን ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው ያምጡ።

ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛ፥ መኰትኰትና ውኃ መቅዳት ለጥፋተኛ ልጅ ቅጣት ተደርጎ አይታዘዝ፤ በቅጣት የተማሩትን ሥራ ሰዎች ሲያድጉ ይጠሉታልና። ሁለተኛ፥ ምርቱ የልጆቹ ነው እንጂ የአስተማሪው ድስት አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ይበላ ወይም ለቤታቸው ይከፈል፤ ዘሩም ለእያንዳንዱ ልጅ እፍኝ እፍኝ ተሰጥቶ በወላጆቹ ጓሮ ይዘራው።

ከትምህርቱ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች፤

1. የአዊ ቀይ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ የሆነው ስለ ምንድር ነው? በቤት የሚገኘው መድኃኒቱስ ምንድር ነው?
2. የመደቡ ወርድ ከ2 ክንድ እንዳይበልጥ የሚደረገው ለምንድር ነው?
3. ዘራቸው በቤት የሚያዝ 5 አታክልትና ዘራቸው የሚገዛ 3 አታክልት ቍጠሩ።
4. ለዘር የሚሆነው ድንችና የሚበላው ድንች አቀማመጣቸው የሚለየው በምን ምክንያት ነው?
5. በዱባ መደብ አጠገብ አበባ መትከል ምን ይጠቅማል?
6. በአየርላንድ ድንች ላይና በአዊ ዲከረንስ ላይ ከደረሰው ነገር አንድ ቤተ ሰብ ምን ይማራል?

ለስድስተኛው ጥያቄ ልጆቹ በየራሳቸው ቃል ይመልሱ፤ አስተማሪው አይንገራቸው። ነገሩ የገባው ልጅ መልሱን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በቤቱ ጓሮ ይጽፈዋል፤ በሚመጣውም መስከረም የገንፎው ምንቸት ሲገባ የጎመኑ ምንቸት ከደጅ አይጣልም፥ በአጠገቡ ይጣዳል እንጂ።